ወደ 4 የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ

ኢማጂነሪ ቁጥር የሚባለውን ነገር ያስተማሩን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ሰሌዳው ላይ ቀ² + 1 = 0 ብለው ጻፉ (ያልታወቀውን ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ሁሉ «ቀ» እለዋለሁ)። በራሱ ተባዝቶ −1 የሚሰጥ ቁጥር ከምናውቃቸው ቁጥሮች መካከል እንደሌለ አስረድተው ሲያበቁም «እንግዲህ √−1 የሚባል ቁጥር አለ ብለን እንነሣ» አሉን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ መልስ የለውም ብለን ብናልፈውስ?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው ምሳሌ ተሻገሩ፤ እኛም ፈተና ላይ የሚመጣውን ያህል ሸምድደን አለፍን።

የልጁ ጥያቄ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ሰዓት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ እሱ ነበር፤ ኳድራቲክ (እስከ ቀ² የሚደርስ) እኩልታ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የለውም። የቀ² + 1 ግራፍ አግድሙን መስመር የትም ቦታ አይነካውም፤ ስለዚህ «መፍትሔ የለውም» ማለት ሐቀኛ መልስ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም የሒሳብ ሊቃውንት በዚሁ መልስ ረክተው ኖረዋል። ይህን እርካታ ያወከውና የኔጌቲቭ ቁጥርን ዳግም ዘር (√) ከቁም ነገር እንዲያስገቡት ያስገደዳቸው ኩቢክ (እስከ ቀ³ የሚደርስ) እኩልታ ነው፤ በዚያ መልሱ ዓይን ላይ ተቀምጦ ሳለ ፎርሙላው በሌለ ቁጥር በኩል ካልሆነ አላደርሳችሁም ይላል። ይህ ጉዞ ከትምህርት ቤት ሒሳባችን በመቅረቱ ሁልጊዜ ስለሚቆጨኝ፣ ኩቢክ እኩልታ እንዴት እንደሚፈታ ከመነሻው ጀምሬ ለመከተል አስቤአለሁ።

በትምህርት ቤት የኩቢክ እኩልታን መፍትሔ የምንፈልገው በመሞከር ነው። ቀ³ − 6ቀ² + 11ቀ − 6 = 0 ሲሰጠን የመጨረሻውን ቁጥር የ6ን አካፋዮች አንድ በአንድ እየተካን እናያለን፤ 1 ሲገባ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ለ(ቀ − 1) አካፍለን የሚቀረውን ኳድራቲክ በምናውቀው ፎርሙላ እንጨርሳለን፤ 1፣ 2 እና 3 ይወጣሉ። ዘዴው እንዲህ ያማረው ግን ጥያቄውን ያወጣው ሰው መልሱን አስቀድሞ ይዞ እኩልታውን ከኋላ ወደ ፊት ስለገነባው ነው። የመጨረሻዋን 6 ወደ 5 ብትለውጧት 1ም፣ 5ም፣ ኔጌቲቮቻቸውም አይሠሩም፤ መፍትሔው 0.6753 አካባቢ የተቀመጠ፣ በክፍልፋይ ሊጻፍ የማይችል ቁጥር ነው። ለኳድራቲክ እኩልታ ቁጥሮቹ ምንም ይሁኑ ምን የሚሠራ ፎርሙላ አለን፤ ለኩቢክስ? ብዙ ተማሪ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ከዩኒቨርሲቲ ይመረቃል። ፎርሙላው አለ፤ የተገኘውም ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው።

ከዚያ በፊት ያልሞከረ አልነበረም። ፋርሳዊው ዑመር ኻያም (1048–1131) ኩቢክ እኩልታዎችን በየዓይነታቸው ለይቶ፣ የእያንዳንዱን መፍትሔ ክብንና ፓራቦላን የመሳሰሉ ኩርባዎች በሚቆራረጡበት ነጥብ ላይ እንደ ርዝመት አሳይቷል። በሥዕል ያገኘውን በስሌት ማግኘት ግን አልሆነለትም፤ ምናልባት ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ያገኘው ይሆናል ብሎም ጽፏል። በ1494 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሉካ ፓቾሊ በቬኒስ ባሳተመው ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ ለእነዚህ እኩልታዎች እስካሁን ደንብ አልተገኘላቸውም ሲል ደመደመ። መጽሐፉ ከታተመ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1515 አካባቢ፣ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሺፒዮኔ ዴል ፌሮ ደንቡን አገኘው፤ አግኝቶም ዝም አለ።

ዝምታው ለእኛ ዘመን ሰው ግራ ያጋባል። ዛሬ አንድ ነገር ያገኘ ሰው ማንም ሳይቀድመው ለማሳተም ይሮጣል። በዚያ ዘመን ግን የመምህርነት ውል በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን፣ ቦታውን የሚመኝ ሰው መምህሩን በአደባባይ የሒሳብ ግጥሚያ ሊጠራው ይችል ነበር፤ ተጋጣሚዎቹ ጥያቄ ይለዋወጣሉ፣ ብዙ የፈታው ያሸንፋል፣ የተሸነፈው ስሙም እንጀራውም አደጋ ላይ ይወድቃል። ሌላው የማይፈታውን የጥያቄ ዓይነት መፍታት መቻል ክፉ ቀን ሲመጣ የሚመዘዝ የመከላከያ መሣሪያ ነበር። ዴል ፌሮ በ1526 ከመሞቱ በፊት ምሥጢሩን ለተማሪው ለአንቶኒዮ ፊዮሬ ነገረው፤ ማስታወሻ ደብተሩ ደግሞ አማቹ አኒባሌ ዴላ ናቬ እጅ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተተረከ ፈጠን ብዬ ልለፈው። ፊዮሬ በ1535 ኒኮሎ ታርታሊያን በቬኒስ ለግጥሚያ ጠራው። ታርታሊያ በ1512 የፈረንሳይ ጦር የትውልድ ከተማውን ብሬሻን ሲወጋ ገና በልጅነቱ ፊቱ ላይ በሰይፍ ተመትቶ ተንተባታቢ ሆኖ የቀረ፣ መጠሪያውም ከዚያው መንተባተብ የወጣለት ሰው ነው። ሁለቱ 30፣ 30 ጥያቄ ተለዋወጡ፤ የፊዮሬ 30 ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ኩቢክ ነበሩ። ታርታሊያ ቀነ ገደቡ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በየካቲት ወር አንድ ሌሊት፣ ደንቡን በራሱ ደረሰበትና ሠላሳውንም በጥቂት ሰዓታት ፈታቸው። ዝናውን የሰማው የሚላኖው ሐኪምና የሒሳብ ሰው ጂሮላሞ ካርዳኖ አስለመነው፣ ለመነው፣ የሚላኖውን ገዥ አስተዋውቅሃለሁ ብሎም አስጎመጀው፤ በ1539 ታርታሊያ ላይታተምበት አስምሎ ደንቡን በግጥም ሰጠው። ካርዳኖ ከተማሪው ከሎዶቪኮ ፌራሪ ጋር በ1543 ቦሎኛ ሄዶ የዴል ፌሮን ደብተር በዓይኑ ሲያይ፣ ደንቡን ከታርታሊያ በፊት ያገኘው ሰው መኖሩን አረጋገጠ፤ ከዚህ በኋላ መሐላው አያስረኝም ብሎ በ1545 «አርስ ማግና» በተባለው መጽሐፉ አወጣው። ታርታሊያ እስኪሞት ድረስ አልማረውም።

በእኔ ሚዛን ካርዳኖ ሌባ አይደለም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ዴል ፌሮንም ታርታሊያንም በስማቸው ጠርቶ አመስግኗል። ደግሞም ታርታሊያ ምሥጢሩን በጉያው ይዞ በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ደንቡ አንድ ገጽ አላሳተመም፤ ካርዳኖና ፌራሪ ግን ለአንድ ዓይነት እኩልታ የነበረውን ደንብ ለሁሉም ኩቢክ ዓይነት አስፋፍተው፣ እያንዳንዱን በጂኦሜትሪ ማስረጃ ደግፈው፣ ፌራሪ ደግሞ የአራተኛ ደረጃ (ቀ⁴ ያለበት) እኩልታን መፍትሔ ጨምሮበት ነው መጽሐፉ የወጣው። መሐላ ማፍረስ መሐላ ማፍረስ መሆኑ ሳይካድ፣ ሒሳቡን ወደ ሕይወት ያመጣው ያፈረሰው ሰው ነው።

ወደ ደንቡ ልግባ። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ የፖሊኖሚያል የቤት ሥራ ይዛ መጥታ «አጎቴ፣ ለኩቢክ ፎርሙላ የለውም እንዴ?» ስትለኝ፣ ወረቀት ከማውጣቴ በፊት ከኩሽና የልብስ ሳሙና አመጣሁ። ጎኑ ሦስት ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ከቀረጽን በኋላ፣ ከላይ፣ ከፊትና ከቀኝ፣ ከእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ሴንቲሜትር ገብተን በቢላ ቀጥ አድርገን ቆረጥነው። ሦስቱ ቁርጦች ስምንት ቁራጭ አወጡ፦ ጎኑ ሁለት የሆነ ትልቅ ኩብ፣ ጎኑ አንድ የሆነ ትንሽ ኩብ፣ ሦስት ጠፍጣፋ ቁራጮችና ሦስት ዘንግ የመሰሉ ቁራጮች። እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ከአንድ ዘንግ ጋር ስናጋጥም ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 2፣ ውፍረቱ 1 የሆነ ንጣፍ ሆነ፤ ሦስቱ ንጣፎች እኩል ናቸው። 8 እና 1 እና ሦስት ጊዜ 6፣ በድምሩ 27። «እማዬ ሳሙናዋን ካየች ታርደናል» ብላ ፍርፋሪውን እየሰበሰበች ነበር፤ ፎርሙላው ግን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

የትልቁን ሳሙና ጎን መ፣ የተቆረጠውን ውፍረት ነ እንበለው። የቀረው ኩብ ጎን መ − ነ ነው፤ እያንዳንዱ ንጣፍም መ × ነ × (መ − ነ) ነው። ትንሹን ኩብ ካነሣነው የሚቀረው፦

(መ − ነ)³ + 3መነ(መ − ነ) = መ³ − ነ³

አሁን ካርዳኖ የተጠቀመበትን ምሳሌ ከጎኑ እናስቀምጠው፦

ቀ³ + 6ቀ = 20

ሁለቱ መስመሮች አንድ ቅርጽ አላቸው። ቀ የሚባለው መ − ነ ከሆነ፣ 3መነ ደግሞ 6 ከሆነ፣ መ³ − ነ³ም 20 ከሆነ፣ ቀ እኩልታውን የግድ ያሟላል። መነ = 2 ማለት የሁለቱ ኩቦች ብዜት 8 ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ልዩነታቸው 20፣ ብዜታቸው 8 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ነው፤ ይህ ደግሞ ተራ ኳድራቲክ ነው። የታርታሊያ ግጥምም («ነገር» የሚለው ያልታወቀውን ቁጥር፣ የእኛን ቀ ነው) የሚለው ይህንኑ ነው፦ ልዩነታቸው ያ ቁጥር፣ ብዜታቸውም የነገሩ ብዛት ሲሶ ኩብ የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልግ፤ ከዚያ የሣልስ ዘሮቻቸውን (ኩብ ሲደረጉ ቁጥሮቹን የሚሰጡትን) ልዩነት ውሰድ። ኩቢኩ በውስጡ ኳድራቲክ ደብቋል፤ ኳድራቲኩን ፈትቶ ሣልስ ዘር ማውጣት ብቻ ይቀራል።

ስናሰላው ሁለቱ ቁጥሮች √108 + 10 እና √108 − 10 ናቸው፤ በአስርዮሽ 20.3923 እና 0.3923። ሣልስ ዘሮቻቸው 2.7321 እና 0.7321፤ ልዩነታቸው 2። በእርግጥም 8 ሲደመር 12 ሃያ ነው። እዚህ ላይ ፎርሙላው የመጀመሪያውን አመሉን ያሳያል፤ መልሱ 2 ሆኖ ሳለ የሚሰጠን ግን «የ√108 + 10 ሣልስ ዘር ሲቀነስ የ√108 − 10 ሣልስ ዘር» የሚል ግዙፍ ነገር ነው። ሁለቱ ሣልስ ዘሮች √3 + 1 እና √3 − 1 መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው √3 ተጣፍቶ 2 ሲቀር ያያል፤ ፎርሙላው ራሱ ግን ይህን አይነግረውም። ውለታ የዋለልንን ያህል መልኩን አላሳመረልንም።

ቀ² ያለበት እኩልታ ሲመጣ ምን ይደረግ? እሱ ቀላል ነው። ቅድም ያየነውን ቀ³ − 6ቀ² + 11ቀ − 6 = 0 እንውሰድ፤ የቀ²ን ቁጥር ሲሶ ምልክቱን ቀይረን በቀ = ረ + 2 እንተካው። ዘርዝራችሁ ስትሰበስቡት ረ³ − ረ = 0 ብቻ ይቀራል፤ መፍትሔዎቹ −1፣ 0 እና 1፤ ሁለት ስንጨምርባቸው 1፣ 2 እና 3። የሦስቱ አማካይ 2 ስለነበር፣ እኛ ያደረግነው መቁጠሪያውን ከአማካዩ ላይ ማስጀመር ብቻ ነው። የአማካዩ ቦታ ዜሮ ሲሆን ቀ² ከእኩልታው ይወጣል። በዚህ መንገድ ኩቢክ ሁሉ ሳሙናው ወደሚያሳየው ቅርጽ ይመለሳል። ካርዳኖ ግን እንዲህ በአጭሩ ሊለው አልቻለም፤ ኔጌቲቭ ቁጥርን በእኩልታ ውስጥ ማስገባት ገና ስላልተለመደ «ኩብና ነገር ከቁጥር እኩል ሲሆን»፣ «ኩብ ከነገርና ከቁጥር እኩል ሲሆን» እያለ 13 ዓይነት ለይቶ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ መድቧል። ዛሬ መጽሐፉን ማንበብ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ዓይነቶች አንዱ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። ራፋኤል ቦምቤሊ በ1572 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣውን ምሳሌ ልውሰድ፦

ቀ³ = 15ቀ + 4

4ን ብትሞክሩ 64 በግራ፣ 60 ሲደመር 4 በቀኝ ይሆናል። መፍትሔው 4 ነው፤ ክርክር የለበትም። አሁን ደንቡ 4ን እንዲያወጣልን እንጠይቀው። በዚህ ዓይነት ቀ የሁለት ቁጥሮች ድምር፣ መ + ነ ይሆናል፤ መነ = 5፣ መ³ + ነ³ = 4። ማለትም ድምራቸው 4፣ ብዜታቸው 125 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ። ድምራቸው 4 የሆነ ሁለት ቁጥሮች ብዜታቸው ከ4 አይበልጥም፤ 2 ጊዜ 2 ነው ጣሪያው። 125 ከየት ይመጣል? ኳድራቲኩን ብትፈቱት 2 + √−121 እና 2 − √−121 ይላችኋል።

ያ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እዚህ ቢሆን ምን ይል ነበር? «መልስ የለውም» ሊል አይችልም፤ መልሱ 4 ነው። ማለት የሚችለው ወይ «ደንቡ ተሳስቷል» ነው፤ ደንቡ ግን በማስረጃ የተረጋገጠ ነው፤ ወይ ደግሞ «ይህን የማይሆን ቁጥር ይዤ ልቀጥልና የት እንደሚያደርሰኝ ልይ» ነው። የኢማጂነሪ ቁጥር ታሪክ የሚጀምረው በዚህ አጣብቂኝ ነው። ካርዳኖ ችግሩን ገና በ1539 አይቶት ለታርታሊያ በደብዳቤ ጠይቆት ነበር፤ ታርታሊያ ደንቡ አልገባህም በሚል ዓይነት መልስ አድበስብሶ አለፈው። ካርዳኖም በመጽሐፉ ጉዳዩን በአብዛኛው ዞር እያለ ነው ያለፈው።

ቦምቤሊ መሐንዲስ ነበር፤ በመካከለኛው ኢጣሊያ የቫል ዲ ኪያናን ረግረግ በማድረቅ ሥራ ላይ ተሰማርቷል። እኔን ደስ የሚለኝ ሥራውን የጀመረበት መንፈስ ነው፤ የ√−1ን ምንነት ሳይፈላሰፍ፣ ሲባዛ ምን እንደሚሆን ደንብ አወጣለትና ማስላት ጀመረ። √−121 ማለት 11√−1 ነው፤ እንግዲህ የ2 + 11√−1 ሣልስ ዘር ምናልባት 2 + √−1 ይሆን? 2 + √−1 በራሱ ሲባዛ 3 + 4√−1 ይሰጣል። ያንን እንደገና በ2 + √−1 ስናባዛው 6 እና 3√−1 እና 8√−1፣ መጨረሻም 4√−1 ጊዜ √−1 ማለትም −4 ይመጣል፤ ሲሰበሰብ 2 + 11√−1። ልክ ነው። የሌላኛው ሣልስ ዘር በዚያው መንገድ 2 − √−1 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ √−1 ከ√−1 ጋር ተጣፍቶ 2 ሲደመር 2፣ አራት።

ይህን ስሌት መጀመሪያ በእጄ ስሠራው የተሰማኝን አልረሳውም። በሰሌዳው ላይ «አለ ብለን እንነሣ» የተባለው ነገር ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁጥሩ ገብቶ፣ ድርሻውን ተወጥቶ፣ ሲወጣ ምንም አሻራ አልተወም። ኮምፕሌክስ ቁጥርን (እንደ 2 + √−1 ያለውን) ለተማሪ የሚያስተዋውቅ ሰው አንድ ምሳሌ ብቻ የማሳየት ጊዜ ቢኖረው፣ ቀ² + 1 = 0ን ትቶ ይህንን ቢያሳይ እመርጣለሁ፤ ከማባዛትና ከመደመር በላይ የሚጠይቀው ነገር የለም።

ቢሆንም ነገሩ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ጉድ አለ። ቦምቤሊ 2 + √−1ን የገመተው መልሱ 4 መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ሳናውቅ ብንነሣስ? የሣልስ ዘሩን ሪል (√−1 የሌለበት፣ ተራ ቁጥር የሆነውን) ክፍል ሀ፣ ከ√−1 ጋር የሚሄደውን ለ እንበለው። ሀ³ − 3ሀለ² = 2 እና ሀ² + ለ² = 5 የሚሉ ሁለት እኩልታዎች ይወጣሉ፤ ለ²ን ከሁለተኛው ወስደን በመጀመሪያው ስንተካ 4ሀ³ − 15ሀ = 2 እናገኛለን። አሁን 2ሀን ቀ ብላችሁ ጻፉት፤ ቀ³ = 15ቀ + 4። ከተነሣንበት በር ላይ ቆመናል። ኩቢኩን ለመፍታት ሣልስ ዘሩ ያስፈልጋል፤ ሣልስ ዘሩን በዚህ መንገድ ለማግኘት ኩቢኩን መፍታት ያስፈልጋል።

ይህ የምሳሌው ክፋት አይደለም። አንድ ኩቢክ ሦስቱም መፍትሔዎቹ የተለያዩ ሪል ቁጥሮች ከሆኑ ፎርሙላው ሁልጊዜ በኔጌቲቭ ዳግም ዘር በኩል ያልፋል፤ ፎርሙላው ከኢማጂነሪ ነጻ የሚሆነው አንዱ ብቻ ሪል ሲሆን ወይም መፍትሔዎች ሲደራረቡ ነው። መልሶቹ በሙሉ እውነተኛ በሆኑበት ቦታ መንገዱ ኢማጂነሪ መሆኑ መጀመሪያ ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል። የዚያን መንገድ ማሳጠሪያ ብዙዎች ፈልገው አጡ፤ በ1843 ፈረንሳዊው ፒየር ዋንዜል ከፍለጋው አሳረፋቸው። መፍትሔዎቹ ሦስት ሪል ሆነው አንዳቸውም በክፍልፋይ የማይጻፉ ሲሆን፣ መደመርን፣ ማባዛትን፣ ማካፈልንና የሪል ቁጥሮችን ዘር ማውጣትን ብቻ ተጠቅሞ ማንም ሊደርስባቸው እንደማይችል አረጋገጠ።

በሥራ ላይ ያለ ሰው ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም። ኢንጂነር ኩቢክ ሲገጥመው የካርዳኖን ፎርሙላ አያወጣም፤ የኒውተንን ዘዴ ይጠቀማል ወይም ኮምፒውተሩ ይጠቀምለታል። ኒውተን ራሱ የወሰደው ምሳሌ ቀ³ − 2ቀ − 5 = 0 ነበር። 2ን ብትሞክሩ 8 − 4 − 5 = −1፤ የግራፉ ዳገት እዚያ 10 ስለሆነ በአንድ አሥረኛ ወደ ፊት ሂዱ፣ 2.1። እንደገና ስታደርጉት 2.0946። አራት አኃዝ ለሚበቃው ሰው ሁለት እርምጃ በቃው። በዚህ ዓይን ካየነው ያ ሁሉ መሐላ፣ ግጥሚያና ስድብ ለጥቅም ያስገኘው ነገር ትንሽ ነው፤ ፎርሙላው የተከፈለበትን ዋጋ የመለሰው ቁጥሮችን በማስላት ሳይሆን √−1ን በሒሳብ ውስጥ በማስገባት ነው።

ከዘር ማውጣት ውጭ ግን ለሦስት ሪል መፍትሔዎች የሚሆን ሌላ በር አለ፤ ከፋቹ ፍራንሷ ቪየት ነው። በ1603 ሞቶ ሥራው በ1615 ታተመለት። ቪየት ያስተዋለው የአንድ ማዕዘን ሦስት እጥፍ ኮሳይን፣ ከማዕዘኑ ኮሳይን ኩብ 4 እጥፍ ላይ ኮሳይኑ 3 ጊዜ ሲቀነስ የሚገኝ መሆኑን ነው፤ ይህም ራሱ ኩቢክ ነው። ቀ³ = 15ቀ + 4ን በዚህ ልክ ለመስፋት ቀን 2√5 ጊዜ የአንድ ማዕዘን ኮሳይን እናደርገዋለን። ስታካፍሉት የማዕዘኑ ሦስት እጥፍ ኮሳይን 0.1789 መሆን እንዳለበት ታገኛላችሁ፤ ይህ 79.695 ዲግሪ ነው፤ ሲሶው 26.565 ዲግሪ። የዚህ ኮሳይን 0.8944፤ በ2√5 ሲባዛ፣ 4። ሙሉ ክብ ዞሮ የመጣ ማዕዘን ያው ኮሳይን ስላለው የ360 ሲሶ የሆነውን 120 ዲግሪ ስንጨምር 146.565፣ ሌላ 120 ስንጨምር 266.565 ይመጣል፤ እነሱም −3.732 እና −0.268 የተባሉትን ሁለቱን ሌሎች መፍትሔዎች ይሰጣሉ፤ በትክክል ሲጻፉ −2 − √3 እና −2 + √3 ናቸው። ሦስቱን ብትደምሯቸው ዜሮ ይሆናሉ፤ ቀ² በሌለበት ኩቢክ ሌላ ሊሆን አይችልም።

በቪየት ስሌት ውስጥ √−1 የትም አይታይም፤ ከቦምቤሊ ጋር የማይገናኝ ሌላ መንገድ የሄደ ይመስላል። ከ1800 በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት ካስፓር ቬሰልና ዣን ሮቤር አርጋን፣ አንዱ ከዴንማርክ አንዱ ከፓሪስ፣ ኮምፕሌክስ ቁጥርን በወረቀት ላይ እንደ ነጥብ ማስቀመጥ ሲጀምሩ ግን ሌላ ነገር ታየ። የቦምቤሊን 2 + √−1 በዚያ መንገድ ለማስቀመጥ ከዜሮ ሁለት ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ላይ ትሄዳላችሁ፤ ነጥቡ ከዜሮ የሚርቀው √5 ነው። ፕሮትራክተር አምጥታችሁ ከአግድሙ መስመር በስንት ዲግሪ እንደተነሣ ለኩት፤ 26.565 ነው።